በጣራ ላይ የተቀመጠ አደራ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሐሙሲት ላይ ቆመ። ገበያ ስለነበር መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። አንዲት ሴት በመስኮቱ በኩል የተቋጠረ ነገር አቀበለችኝና «እታለሜ፣ አደራሽን፣ ወረታ ላይ ወንድሜ ይቀበልሻል» አለች። ስሜን አልጠየቀችኝም፤ ስሟንም አልነገረችኝም። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እኔም የማላውቃትን ሴት ቋጠሮ ጭኔ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ሽታው ትኩስ ዳቦ መሆኑን ይናገር ነበር። ወረታ ስንደርስ አንድ ቀጭን ሰው ጎንበስ እያለ በየመስኮቱ ሲፈልግ አየሁትና ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ግን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት ለሐሳብ የተሠራ ይመስላል። የፎገራ ሜዳ ከኋላ እየሰፋ፣ እየደበዘዘ፣ መጨረሻ ላይ ውኃ ይሁን ሰማይ የማይለይ ሰማያዊ ነገር ይሆናል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ተሳፋሪው አንድ በአንድ ጋቢውን ይጎትታል፤ ወሬው ይቀንሳል። እኔም ጭኔ ላይ የቀረው የዳቦው ሙቀት ሳይጠፋ እማማ ዘሃራን ማሰብ ጀመርኩ።

ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ሁሉን ነገር በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ ጠመኔዬን እንኳ በቀለም ለይቼ የምይዝ ሰው ነበርኩ። «ስለዚህ» ሳልል ዐረፍተ ነገር ስለማልጨርስ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «መምህርት ስለዚህ» ይሉኝ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የተከራየኋት ክፍል ደብረ ታቦር፣ የድሮው ገበያ ሰፈር ውስጥ ነበረች። ሰፈሩን ላላየው ላስረዳ። በደጉ ዘመን ነጋዴዎች የሠሯቸው ደርብ ቤቶች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። የታችኛው ቤት ግድግዳ ድንጋይ፣ የላይኛው ጭቃ ነው፤ ከላይ ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት በረንዳ አለ፤ በበረንዳው ፊት የተደረደሩት እንጨቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በእጅ የተቀረጹ ናቸው። አስፋልቱ በሌላ በኩል ሲያልፍ ከተማው ተከትሎት ሄደ፤ ሰፈሩ ብቻውን ቀረ። የአንዳንዱ ቤት ጣራ ገብቶ ውስጡ ሳማ በቅሎበታል። የአንዳንዱ በር ከፍቶ የሚገባ ስለጠፋ በግ ይታሰርበታል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጉና ወርዶ መንገዱን ሲሞላው ፍርስራሹ ሁሉ ይሰወርና በረንዳዎቹ ብቻ ከላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። እኔም ቁርሴን በእጄ ይዤ መስኮቴ ላይ ቆሜ እነሱን ሳይ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያመልጠኝ ይደርስ ነበር።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ቤት የእማማ ዘሃራ ነው። ባለቤታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሐያት ብቻ ነበረች፤ እሷም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። እማማ ዘሃራ ትንሽ፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሻሻቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም።

ቤታቸው በገበያ ቀን ሌላ ቤት ይሆናል። ከጉና ሥር፣ ከፋርጣ መንደሮች የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ወደ ገበያው ከመግባቱ በፊት እዚያ ጎራ ብሎ ዕቃውን ያስቀምጣል። ያልተሸጠ ገብስ፣ ኮርቻ፣ ዝናብ የነካው ገሳ፣ ለምጥ የተቃረበች ፍየል እንኳ ሳይቀር የታችኛው ቤት ይቀበላል። እማማ ምልክት አያደርጉም፤ አይጽፉም። ግን የማን ጆንያ የማን እንደሆነ ተሳስተው አያውቁም። ለዚህ ሥራቸው ደግሞ ከማንም ምንም አይቀበሉም። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ለውለታው አንድ ቁና ድንች ቢያመጣላቸው «ድንቹንም አደራ አስቀምጬልሃለሁ» ብለው ወደ ማታ ከኮርቻው ጋር አሸከሙት።

ከግድግዳው ጥግ ላይ የተሰቀለ ሌላ አሮጌ ኮርቻ ነበር። ባለቤቱ አንድ ገበያ አስቀምጦት ሄዶ አልተመለሰም። ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ የለም። እማማ ግን አቧራውን ያራግፉለታል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ይቀቡታል። «መቼ ነው የሚጥሉት?» ብዬ ብጠይቃቸው የተገረሙት በእኔ ነበር። «የእኔ አይደለም እኮ ልጄ» አሉኝ።

ቤቱ ግን እያረጀ ነበር። ጣራውን የተሸከሙት እንጨቶች ነቅዘው ቆርቆሮው እንደ ደከመ በሬ መሐሉ ጎብጧል። ደርቡ ላይ ወጥቶ የቆመ ሰው የፀሐይ ጨረር በብዙ ቀዳዳ ሲገባ ያያል፤ አቧራው በጨረሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ እዚያ ስቆም ውኃ ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ውበት ነው፤ ለእማማ ግን ሐፍረት። በቀዳዳው ዝናብም ይገባላ! ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የአንድ ገበሬ ገብስ በአደራ ሳለ ረጥቦ ሻገተ። እማማ ከራሳቸው ሰፍረው ተኩ። ከዚያ ወዲህ «የሚያፈስ ቤት እህል አያሳድርም» እያሉ እህል የያዘውን ሁሉ ከደጃፍ ይመልሱ ጀመር። ገበሬው ሲመለስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ግንቦት ሲገባ ከከተማው አስተዳደር የተላኩ ሰዎች እየዞሩ አስጊ የሆኑትን ቤቶች በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከዚያ በፊት አንድ ግድግዳ ወደ መንገዱ ተደርምሶ ሰው ለጥቂት ነው የተረፈው። ክረምት ሳይገባ ያልተጠገነ ቤት ይፈርሳል አሉ። የእማማ በርም ተቀባ።

«ቀለሙስ ያምራል» አሉ እማማ በሩን እያዩ። «ሟቹ ባለቤቴ በሩን ቅባልኝ ብለው አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

ሐያት አልሳቀችም። እማማም ወደ ውስጥ ሲገቡ እጃቸው መቃኑን ሲዳብሰው አየሁ።

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ የቅርስ ክበብ አቋቁሜ ነበር። ስለ ሰፈሩ ቤቶች ለተማሪዎቹ ያልነገርኳቸው የለም፤ የድንጋዩን ዓይነት፣ የጭቃውን ጥቅም፣ በረንዳው ለምን ወደ መንገዱ እንደዞረ ሁሉ። አሁን ሥራ ተገኘ ብዬ በደስታ ወደ እማማ ሄድኩ።

«እማማ፣ ተማሪዎቼ ከትምህርት በኋላ እየመጡ ድንጋይ ያመላልሳሉ፣ ጭቃ ይረግጣሉ። ስለዚህ ቤቱ ክረምት ሳይገባ ይጠገናል። ከእርስዎ ምንም አንፈልግም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«አየሽ፣ የከፋው እሱ ነው» አሉና የሚለቅሙትን ምስር ወደ ጎን አደረጉ። «ደቦ የጠራ ሰው ደቦ ሲጠራ ይሄዳል። እኔ በየትኛው ጉልበቴ ነው የዚያን ሁሉ ልጅ ቤት ጭቃ የምረግጠው?»

«ብድር እኮ አይፈልጉም። በነጻ ነው።»

«በነጻ ከሆነ ዘካ ነዋ። ዘካ ደግሞ ከእኔ የባሰበት አለ። የማይገባኝን አልበላም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልግለጽ። በአገራችን የጉልበት መረዳዳት ሁለት መልክ አለው። ወንፈል የሚባለው እኩል ለእኩል ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያረስክልኝን ያህል ነገ ላንተ አርሳለሁ። ደቦ ደግሞ ባለ ጉዳዩ ብዙ ሰው ጠርቶ አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራው ነው፤ ቢሆንም የመጣልህ ሰው ሲጠራህ መሄድ አለብህ። በሁለቱም ውስጥ ብድር አለ። ብድሩን መመለስ የማይችል ሰው ደቦ አይጠራም። እማማ ዘሃራ ጣራው በላያቸው ቢወርድ ይመርጣሉ እንጂ የማይመልሱትን አይወስዱም። እኔም ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ለተማሪዎቼም እያስተማርኩት፣ ከደረጃው ሥር ተቀምጬ ከመቆጨት በቀር አንድም መላ አልመጣልኝም።

አያ ጫኔ ያገኘኝ እዚያው ተቀምጬ ነው። አያ ጫኔ ከጉና ሥር ድንችና ገብስ ይዞ የሚመጣ ሰፊ ትከሻ ያለው ገበሬ ነው። «አያ» በእኛ አገር የታላቅ ወንድም መጠሪያ ስለሆነ ክብሩ ከስሙ ጋር ይሄዳል፤ አንተ ቢሉትም አያስቀይምም። ጠዋት ያስቀመጠውን ኮርቻ ሊወስድ መጥቶ ፊቴን አየና ቆመ።

«አንቺ አስተማሪ፣ ተማሪ አባረርሽ ወይስ ተማሪ አባረረሽ?»

ነገርኩት። ከመጀመሪያው ጀምሬ በዝርዝር ነገርኩት።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም፤ ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ …»

«ሦስተኛውን ለአህያዬ ንገሪያት፤ እሷ ትዕግሥት አላት» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ቀና ብሎ ጣራውን ለረጅም ጊዜ አየ። «ያበላሸሽው በመጠየቅሽ ነው» አለኝ። «እማማ ዘሃራን እሺ ይሉኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ?» ኮርቻውን ተሸክሞ ሄደ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ጫኔ አህዮቹን ነድቶ መጣ። ከጎናቸው የታሰሩት ረጃጅም እንጨቶች መንገዱን እየፋቁ ይጎተታሉ። ጽድ ነበሩ፤ በጭስ የጠቆሩ፣ የቆዩ፣ ግን ደህና ጽዶች። ሰፈሩ ሁሉ በመዓዛቸው ታወደ። እማማ በር ላይ ወጡ።

«ጫኔ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አደራ ነው እማማ። የአባቴን አሮጌ ቤት አፈረስኩ። ልሸጠው አምጥቼ ገዥ አጣሁ። ልመልሰው ደግሞ አህዮቼ ደክመዋል።»

«ቤቴ እንደሚያፈስ አታውቅም?»

«ጽድ ዝናብ ይፈራል እንዴ እማማ? ጫካ ሲያድግ ዣንጥላ ማን ያዘለት?»

ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሴቶች ሳቁ። እማማ እንጨቱን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። አደራ እንቢ ማለት አይችሉም፤ ከቤታቸው የተመለሰ እህል እንጂ እንጨት የለም። በጣታቸው ግድግዳውን አመለከቱ። «እዚያ አጋድመው።»

በሌላው ገበያ ከአያ ጫኔ መንደር የመጡ ሰዎች ልጥና ገመድ አስቀመጡ። ልጥም ዝናብ አይፈራም። ከዚያ በኋላ በመጣው ገበያ እማማ ለቀትር ሶላት ደርብ ላይ በወጡበት ሰዓት ታችኛው ቤት እስከ መስኮቱ ድረስ በጤፍ ጭድ ተሞላ። ሲወርዱ ባለቤቶቹ ገበያ መሐል ገብተው ጠፍተዋል። አያ ጫኔ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል። ከጉና በኩል ደመና ተቋጥሯል።

«ጭድ ዝናብ ይፈራል!» አሉ እማማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሱን ነው እኔም የማስበው» አለ አያ ጫኔ። «ሊበሰብስብን ነው።»

«ውሰዱት።»

«አህያ የለም። ሁሉም ሄደ። እማማ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የአደራ ባለቤት ንብረቱን ከዝናብ ማዳን ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?»

«ኧረ አይደለሁም እማማ! እኔ እንዲህ ያለውን ከየት አውቄው?» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«ለራሳችሁ ጭድ ብላችሁ ነው?» አሉት።

«ለራሳችን ጭድ ነው።»

«ደቦ አይደለም?»

«ምን ደቦ! ማን ጠርቶን?»

እማማ ሻሻቸውን አጠበቁ። «እንግዲያው ግቡ» አሉ። ከዚያ መለስ ብለው ወደ እኔ፣ «አንቺና ልጆችሽስ? እዚህ ቤት ያስቀመጣችሁት ምን አለ?»

ሮጬ ሄጄ የመጻሕፍት ሳጥኔን አመጣሁ። ተማሪዎቼም በማግስቱ የደብተር ቦርሳ፣ መቆፈሪያ፣ አንዱማ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። ሁሉንም ተቀበሉ። ዶሮው ግን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ማንንም አላስተኛም።

የዚያ ግንቦት የመጨረሻ ቀናት አሁንም በሕልሜ ይመጣሉ። ቆርቆሮው ሲነሳ ደርቡ በአንድ ጊዜ ሰማይ ሆነ። ዘመኑን ሁሉ ጨለማ ውስጥ የኖረ ወለል ላይ ፀሐይ ወረደበት፤ ጣውላው እንደ ማር ቢጫ ነበር ለካ። የነቀዘው እንጨት እየወረደ የአያ ጫኔ አባት ጽድ በቦታው ይገባል። አንድ አናጺ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ የተሰበሩትን የተቀረጹ እንጨቶች ደህናዎቹን እያየ በአምሳያቸው ይቀርጻል። ከታች ጓሮው ላይ አፈሩን በውኃ አርሰን፣ ጭዱን ነስንሰን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንረግጣለን። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፤ በጣቶች መሐል ሲወጣ የሚሰጠው ስሜት የልጅነት ነው። እኔ ጫማዬን ሳወልቅ ገበሬዎቹ ዜማውን ወዲያው ቀየሩት፦

ጭቃ ረጋጭ ሞልቷል በጉናም በፋርጣ፣
ዛሬ ግን አየነው ከኮሌጅ ሲመጣ።

እማማ ንፍሮ በገበታ፣ በሶ በማር፣ ብርዝ በትልቅ ጣሳ ያቀርባሉ። ሥጋ አልነበረም፤ ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ፣ እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ ስለማይበላ፣ ሁሉን የሚያገናኘው ንፍሮ ነው። «ደቦ አይደለም፤ የራሳችሁን ጭድ ልታድኑ የመጣችሁ እንግዶች ናችሁ» ይላሉ፣ ጣሳውን ሲያዞሩ። ማንም አይስቅም። ሁሉም በደንብ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ቤቱ አለቀ። ግድግዳው ተመርጎ፣ ቆርቆሮው ተመልሶ፣ በረንዳው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከከተማው የመጡትም ሰዎች አይተው ቤቱን ከሚፈርሱት አወጡት። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት እማማ ታችኛውን ቤት ሊጠርጉ ገብተው ቆይተው ወጡ።

«ጭዱ የት አለ?»

«ግድግዳው ውስጥ ነው እማማ» አልኩ።

«ጽዱስ?»

«ጣራው ላይ።»

መጥረጊያውን በግድግዳው አስደገፉና ደፉ ላይ ተቀመጡ። «አደራ በላሁ» አሉ።

ይህን ቃል ቀላል አድርጎ የሚወስድ ሊኖር ይችላል። በእኛ ዘንድ ሌባ ከሚባል ይልቅ አደራ በላ የተባለ ይዋረዳል። ሌባ ያላመነውን ሰው ነው የሚሰርቀው፤ አደራ በላ ግን ያመነውን። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ስም ነው፤ ከስማቸው ሌላ የቀራቸው ነገር አልነበረም። ያን ቀን ሐያትን ይዘው ጎረቤት ቤት ሄዱ። እንዲያ ያማረው ቤት ባዶውን አደረ። ሄጄ ለመንኳቸው። ሰዎቹ ወደው እንዳደረጉት፣ እሳቸውም ማወቃቸውን፣ ይህ በዓለም ላይ ሁሉ እንዳለ አስረዳሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ባለቤቱ ውሰዱት ብሎኛል?» አሉ። አላለም። «ልውሰድ ብዬ ጠይቄዋለሁ?» አልጠየቁም። «እንግዲያው ምን ይባላል?»

ውሰዱት ቢሏቸው ዘካ ነው፤ አይገቡበትም። ካላሏቸው የሰው ንብረት በልተዋል፤ አይገቡበትም። በየማለዳው ጉሙ ውስጥ በረንዳው ብቻውን ተንጠልጥሎ ሳየው አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

በገበያው ቀን አያ ጫኔ መጣ። መንገድ ላይ ነግረውት ኖሮ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ እማማ ከተቀመጡበት ከጎረቤቱ ደጅ ቆመ። ከሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ገበያተኛው ጆንያውን ተሸክሞ ቆሞ ያዳምጣል።

«እማማ፣ አደራዬን ልጠይቅ መጣሁ።»

እማማ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «የለም ጫኔ። በልቼዋለሁ።»

«ማን በላው? ያውና፣ አየዋለሁ እኮ!» አለ በእጁ ወደ ጣራው እያሳየ። «ታች አስቀምጬ ነበር፤ አሁን ላይ ነው ያለው። ከታች ወደ ላይ ወጣ እንጂ ከቤትዎ ወጥቷል?»

እማማ ቀና አሉ።

«ቦታውን የቀየርነው እኛው ነን። መሬት ላይ ምስጥ ይበላዋል ብለን ነው» አለ። «የእኔው ነው፣ አልሰጠሁዎትም። እዚያው ይቀመጥልኝ።»

«የጠየቅህ ዕለትስ?»

«የጠየቅሁ ዕለት ያወርዱልኛል።»

«እስክትጠይቅስ?»

«እስክጠይቅማ» አለ አያ ጫኔ፣ ባርኔጣውን መልሶ እየደፋ፣ «ዝናብ እንዳይነካው ይጠብቁልኝ።»

እማማ ለረጅም ጊዜ ጣራውን አዩ። ከዚያ ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «የጭዱስ ባለቤቶች?» አሉ። ከሕዝቡ መሐል «እንደ ጫኔ!» የሚል ድምፅ መጣ። «እንዲህ ከሆነ አደራውን ትቼ ጎረቤት ቤት ምን እሠራለሁ?» አሉና መንገዱን ተሻግረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ወዲያው በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ከላይ ሆነው ወደ ታች ሲያዩን ነጭ ሻሻቸው ብቻ በፀሐይ ያበራ ነበር። ዝናቡ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። እህልም እንደገና ይቀበሉ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። ሳጥኔን ሳገባ ወሰድኩ፤ ዶሮው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። እማማ ግን አያ ጫኔን በገበያ ሲያዩት «ጫኔ፣ አደራህን አልወሰድክም?» ይሉታል። «መንገዱ ጭቃ ነው እማማ» ይላል በክረምት። «አህያዋ ነፍሰ ጡር ናት» ይላል በበጋ። ሰፈሩ መልሱን ለመስማት ይጠብቃል።

ካቻምና እማማ ዘሃራ አረፉ። ጀናዛው ከደጃፉ ሳይነሳ አንድ ሽማግሌ ዘመዳቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ እንደ ልማዱ፣ «በእሳቸው ላይ ዕዳ ወይም ሐቅ ያለው ካለ አሁን ይናገር፤ ያለዚያ አውፍ ይበላቸው፣ ይቅር ይበላቸው» አሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ደርቡ ላይ ነበርኩ። ታች ካለው ሕዝብ መሐል «እኔ አለኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አያ ጫኔ ነበር። አርጅቷል፤ በዱላ ነው የቆመው። አንድ ወጣት «በለቅሶ ላይ ደግሞ!» ሲል ሰማሁት። አያ ጫኔ አልሰማውም ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

«አደራ አስቀምጬ ነበር» አለ። «የአባቴ ቤት ጽድ ነው። ዛሬ ማልጄ መጥቼ አየሁት። አልጎደለም። አልነቀዘም። ዝናብ አልነካውም። ይኸው በሕዝብ ፊት ተረክቤያለሁ። እማማ ዘሃራ ከእኔ አደራ ነጻ ናቸው።» ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ በረንዳው ላይ የቆመችውን ሐያትን ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አሁን ጉልበት የለኝም፤ ልወስደው አልችልም። አንቺ ዘንድ አደራ አስቀምጬዋለሁ።»

ሐያት ማልቀሷን አቆመች። «እሺ አያ» አለች። ጀናዛው ተነሳ።

ዛሬም ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያ ሰፈር እሄዳለሁ፤ ስለ ድንጋዩና ስለ ጭቃው ያው እንደ ጥንቱ አብዝቼ አስረዳለሁ። ቅርስ ማለት ምን ማለት ነው ብለው ሲጠይቁኝ መጽሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም እነግራቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነውና። ሌላውን መናገር ፈልጌ ብዙ ጊዜ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። አሁን ሌሎች ሁለት ሦስት ቤቶች ተጠግነዋል፤ የቀሩት ዛሬም ሳማቸውን ይዘው ቆመዋል።

ከባሕር ዳር በተመለስኩ ማግስት በዚያ ሳልፍ ሐያት መሰላል አስደግፋ፣ የቆርቆሮ ምስማር በአፏ ነክሳ፣ የገዛ ቤቷ ጣራ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ራሷ አሁን የልጆች እናት ናት።

«ኧረ ውረጂ! ሠራተኛ ጠፍቶ ነው?» አልኳት።

ምስማሩን ከአፏ አወጣች። «የሰው ዕቃ እኮ ነው መምህርት፤ ክረምት መጣ» አለችኝና ወደ መዶሻዋ ተመለሰች።